ከቲቸር ጋር እኩል የወጣሁ ዕለት

ያን ሰሞን እንኳን ደስ አለሽ የሚለኝን ሰው ሁሉ በቢላዬ እጀታ አናቱን ማለት ያምረኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ስገባ እንኳን ደስ አለሽ። ሲቀላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ እንኳን ደስ አለሽ። እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ደግሞ ተራ ይዘው እንኳን ደስ አለሽ። «ከቲቸር ጋር እኩል ወጣሽ አሉ፤ ጌታ ይመስገን» ይሉኛል። እኔም ጥርሴን አሳይቼ አሜን እላለሁ። ምኑ ነው ደስ የሚለው? እኩል መውጣት እኮ ለእኔ መሸነፍ ነበር፤ ያውም ያሸነፍኩትን ጨዋታ።

ሰው እንዲገባው ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምበልት ሴት ነኝ። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ዓሣውን እንቀበላለን፤ ቅርፊቱን ፍቀን፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተን፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተን ፊሌቶ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ፒክአፕ መጥቶ ወደ ከተማ ይወስደዋል። ቼዝም እጫወታለሁ። ይሄን ስል የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከሥራ በኋላ እጄን በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ ቦርድ ፊት ስቀመጥ አፍንጫውን የሚይዝ ተጋጣሚም ገጥሞኛል። እንዲህ ዓይነቱን ሳሸንፍ የሚሰማኝን ደስታ ለጌታ ብቻ ነው የምናገረው።

ቼዝ ያስተማሩኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሂሳብ አስተማሪያችን የነበሩ ሰው ናቸው። ቲቸር ነው የምንላቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ያው ቲቸር ናቸው። ትምህርት ሲያልቅ አንድ ክፍል አስከፍተው፣ ካርቶን ላይ በማርከር ያሰመሩትን ቦርድ ዘርግተው ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ያሳዩን ነበር። በአርባ ምንጭ ቼዝ የሚችል ሰው ሁሉ ወይ የእሳቸው ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪያቸው ተማሪ። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወንድማማቾች በሙዝ ማሳ ድንበር ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይኸው ተናድጄ ስጽፍ እንኳ «እሳቸው» እያልኩ ነው። አንተ ልበላቸው ብዬ ብቻዬን ሆኜ አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ፤ አልወጣልኝም።

ከእሳቸው ጋር ስንት ጊዜ እንደተጫወትን ቆጥሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ እንዳሸነፍኳቸው ግን በደንብ አውቃለሁ፤ አንድም ጊዜ አላሸነፍኳቸውም። እኩል እንኳ ወጥቼ አላውቅም። የእሳቸውና የእኔ ችሎታ አይገናኝም፤ ይሄን ለመደበቅ አልሞክርም። እኔ ሁለት እርምጃ ወደፊት ለማየት ስጨነቅ እሳቸው ስድስቱን አይተው ጨርሰው ሻያቸውን ፉት ይላሉ። ተሸንፌ ስነሳ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ ነሽ፤ ችኮላሽ ነው እንጂ» ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ችኮላዬ ነው።

በየዓመቱ የዞናችንን የቼዝ ቡድን ለመምረጥ ውድድር ይደረጋል። አራት ሰው ይመረጣል፤ አራቱ ወደ ክልል ውድድር ይሄዳሉ። የእኔ ምኞት ያቺ ብቻ ነበረች፤ ከአራቱ አንዷ መሆን። ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬ ዘጠኝ ጊዜ ቀርቻለሁ። ለአሥረኛ ጊዜ በሞከርኩበት በባለፈው ዓመት የክልሉ ውድድር ሶዶ ነበር። ሶዶ ሩቅ አይደለም፤ ለለቅሶም ለሠርግም ሄጄ አውቃለሁ። ግን የዞኑን ቱታ ለብሼ፣ የቡድኑ መኪና ውስጥ የራሴ ወንበር ኖሮኝ፣ እዚያ ስደርስ ስሜ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ጠብቆኝ መሄድ ነው የፈለግሁት። አንድ ጊዜ። «የዓሣዋ» መባል ቀርቶ «ተጫዋቿ» እንድባል። ለሌላው ትንሽ ነገር ይሆናል። እኔ ግን ለዚህች ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓቴን ስልክ ላይ አቀርቅሬ ስለማመድ ኖሬአለሁ።

የሴቶች ምድብ ይኖራል ተብሎ ነበር። ሦስት ሴቶች ብቻ ስለተመዘገብን ተሰረዘ። ሁለቱ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። እኔ ግን ከወንዶቹ ጋር አጫውቱኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። የውድድሩ ዳኛ ቱታ የለበሰ ወጣት ነው፤ እሱም የቲቸር ተማሪ የነበረ። ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እሺ፤ ስትሸነፊ ግን እንዳታለቅሺ» አለኝ። ለእሱ የሚሆን መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ዘጠኝ ጊዜ የቀረ ሰው ከዳኛ ጋር አፍ አይካፈትም።

ከመጨረሻው በፊት በነበረው ጨዋታ የገጠመኝ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙን ጥርት አድርጎ የተኮሰ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ ልጅ። ጨዋታው መሃል ላይ ነገሩ እንዳላማረው ሲገባው ቀና ብሎ «እኩል ብንወጣ ይሻልሻል» አለኝ። ይሻልሻል ነው የሚለኝ። «አይ ወንድሜ፣ እንጫወት» አልኩት። ተጫወትን፤ አሸነፍኩት። ይሄን የማነሳው ለጉራ አይደለም። እኩል እንውጣ ስባል እምቢ ማለት የምችል ሰው መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው። እምቢ ማለትማ አፌን የፈታሁበት ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ሆነ። ተጋጣሚዬ ማን ይሁን? ቲቸር። ያን ዓመት ቲቸር ትንሽ ተዳክመው ነበር፤ ስልክ ላይ የሚያፈጡ ልጆች ሁለት ጊዜ አሸንፈዋቸዋል። ከአራቱ ቦታዎች ሦስቱ ተይዘዋል፤ የቀረው አራተኛው ነው፤ ለእሱ ደግሞ የቀረነው እኔና እሳቸው ነን። እሳቸው በግማሽ ነጥብ ይበልጡኛል። እኔ ካሸነፍኩ እኔ እሄዳለሁ። እሳቸው ካሸነፉ፣ ወይም እኩል ከወጣን፣ እሳቸው ይሄዳሉ። አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቅ ነበር፤ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።

አዳራሹ ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ ነው። ቆርቆሮው ግሎ፣ የፕላስቲኩ ወንበር ልብስ ላይ እየተጣበቀ ተቀመጥን። እኔ ነጭ ደረሰኝ። ቲቸር ከአምልኮ በቀጥታ ስለመጡ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ያስጨንቁኝ ጀመር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ወታደር በልተውብኛል፤ ፈረሴ ጥግ ተወሽቆ መውጫ አጥቷል። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች «አለቀላት» ሲባባሉ እሰማለሁ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ሳላስብ እንዳያነሳ ብዬ ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀምጬበት ነበር። ቀስ እያልኩ ፈረሴን አወጣሁት፤ በፈረሳቸው ለወጥኩት፤ ቆይቶ ንግሥቶቹም ተለዋወጡ። በመጨረሻ ለየራሳችን ንጉሥ፣ ጥቂት ወታደሮችና አንድ አንድ ሩክ፣ ያ ግንብ የሚመስለው፣ ብቻ ቀረን።

እዚህ ላይ ቲቸር ሩክ በሩክ እንለዋወጥ ብለው አመጡልኝ። ሐሳባቸው ገባኝ። እኔ ግራ ጠርዝ ላይ ማንም ፊቱ ያልቆመበት አንድ ወታደር አለኝ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ከደረሰ ንግሥት ይሆናል፤ ንግሥት ከሆነ ጨዋታው አለቀ። እሳቸው ደግሞ ሩኮቹ ከወጡ በኋላ ንጉሣቸው ሮጦ ያን ወታደር ይይዘዋል፤ በተረፋቸው ወታደር ያሸንፉኛል። እንዲህ ነው ያሰቡት። ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ቆጠርኩ። ወታደሬ አራት እርምጃ ይቀረዋል። ንጉሣቸውም በአራት ይደርስበታል። ደግሜ ቆጠርኩ። ያኔ ነው ያየሁት። ንጉሣቸው በሰያፍ አቋርጦ በሚያልፍባት ቤት ላይ የራሳቸው ወታደር ቆሟል። መዞር አለበት፤ ሲዞር አምስት ይሆናል። ቲቸር፣ ያ ስድስት እርምጃ የሚያዩት ሰው፣ የራሳቸውን ወታደር ረስተውታል።

ሩካቸውን በላሁ። በንጉሣቸው መልሰው በሉ። ወታደሬን አንድ ቤት ገፋሁና ሰዓቱን መታሁ።

ቲቸር ንጉሣቸውን ለማንሳት እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ሳይነካው ቆመ። ሲያዩት አየኋቸው። ዓይናቸው ከንጉሡ ወደዚያ ወታደር፣ ከዚያ ወደ እኔ ወታደር፣ እንደገና ወደ ንጉሡ ተመላለሰ። ግንባራቸው ላቡን አወጣ። ሰዓታቸው እየሄደ ነው፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። እኔ ደግሞ ቱታው ምን ዓይነት ቀለም ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ የቱታውን ቀለም።

ከዚያ ቲቸር ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን በቦርዱ ላይ አሳልፈው ዘረጉልኝና፣ ሰው ሲያስታርቁ በሚናገሩበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ «ይብቃን ልጄ፤ እኩል እንሁን» አሉ።

ይሄን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። እኩል እንሁን ያለህን ሰው ቁጭ እንዳልክ «አይ፣ እንቀጥል» ማለት በሕጉ ይቻላል፤ ለባንኩ ልጅ ብዬዋለሁ። ግን እኔ የጋሞ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከኦቾሎ ተራራ የወረደ ሸማኔ ነው። እኛ ቤት የታላቅ ሰው እጅ አየር ላይ አይቀርም። ታላቅ ቆሞ እጁን ከዘረጋልሽ ትነሻለሽ፤ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ፣ በግራ እጅሽ የቀኝ ክንድሽን ደግፈሽ ትጨብጫለሽ። ሊጥ እያቦካሽም ቢሆን፣ ልጅ እያጠባሽም ቢሆን። ሽማግሌ የዘረጋውን እጅ ትቶ የተቀመጠ ሰው ወሬው ከእሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል። ይሄ ደግሞ በምክር የገባ ነገር አይደለም፤ በቁንጥጫ የገባ ነው። ጭንቅላቴ «አይ፣ ወታደሬ ይደርሳል» እያለ ጉልበቴ ተነሳ። ግራ እጄ ክንዴን ያዘ። አንገቴ ተሰበረ። ጨበጥኳቸው። በዚያ ሁሉ ሙቀት እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ዳኛው ወዲያው መጣ። «እኩል ናችሁ?» አለ። ቲቸር አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቆይ፣ እኔ አልተስማማሁም» አልኩ። ድምፄ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጥኖ ወጣ።

«ታዲያ ለምን ጨበጥሻቸው?» አለኝ።

«እጃቸውን ሲዘረጉ ምን ላድርግ?»

አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የባሰውም እሱ ነው። ልጅ ስትሞላቀቅ የሚሳቀው ዓይነት ነበር። ዳኛው «በጨዋታው ሕግ ከተጨባበጣችሁ ተስማምታችኋል» ብሎ ለሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ቲቸር ሊያመሰግኑት እጃቸውን ሰጡት። ይሄ ሕግ የነገረኝ ዳኛ እስክሪብቶውን ጥሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በግራ እጁ ክንዱን ደግፎ ጨበጣቸው። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ከዚያ የውጤት ወረቀቱን አስጠግቶ «ፈርሚ» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፤ ቲቸር ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ፈረምኩ።

እንግዲህ ማን ላይ ልናደድ? ሁሉም ላይ ተናደድኩ። ዳኛው ላይ፣ የሳቁት ላይ፣ የቆርቆሮው ሙቀት ላይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉልበቴ ላይ። አባቴ በሚቀጥለው ቀን ደወለ፤ ወሬው ተራራውን ወጥቶ ኦቾሎ ደርሷል። «ለታላቅሽ ክብር ሰጥተሽ እኩል ወጣሽ አሉ። ይሄ ለእኔ ከማሸነፍሽ ይበልጥብኛል» አለኝ። ደስታው በስልኩ ይሰማል። ምን ልበለው? አባዬ፣ ያሳደግከኝ አስተዳደግ ዛሬ በላኝ ልበለው? «አሜን አባዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የተከመረውን ዓሣ መበለት ጀመርኩ። ያን ቀን የሠራሁት ፊሌቶ ግማሹ የተቦጫጨቀ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይባስ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ ተነገረ። «አንዲት እህታችን በቼዝ ከአባታችን ከቲቸር ጋር እኩል በመውጣቷ ደስ ብሎናል፤ ትነሳልን» ተባለ። ተነሳሁ፤ ማን እምቢ ብሎ። ምእመናን አጨበጨቡልኝ። ቲቸር ከፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ያጨበጭባሉ፤ ግን ወደ ኋላ አልዞሩም። ጆሯቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ያን ጆሮ እያየሁ፣ በጌታ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ያሰብኩትን ነገር እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ያን ጨዋታ ስልኬ ላይ እደረድረዋለሁ። ንጉሡን በዚህ አዞረዋለሁ፣ በዚያ አዞረዋለሁ፤ ያን የራሳቸውን ወታደር ከመንገድ አነሳዋለሁ። በየትም ብሄድ ወታደሬ ይደርሳል። ንግሥት ይሆናል። አንድም ቀን ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም። ስህተት ባገኝበት እኮ እገላገል ነበር፤ ለካ አላሸነፍኩም ነበር ብዬ ዓሣዬን እበልት ነበር።

ቡድኑ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ቲቸር ጫሞ ዳር እኛ ዘንድ መጡ። እዚያ መጥተው አያውቁም። ያን የተወለወለ ጫማቸውን የዓሣ ዝልግልግ ላይ እየረገጡ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች በዙሪያቸው እየተንጎራደዱ፣ ኮታቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ተንጫጭተው ተነሱ፤ አንዷ በርጩማ በነጠላዋ ጠርጋ አቀረበች፤ ከዚያ ነገር እንዳለ ገብቷቸው ወደ ጀልባዎቹ ዘወር አሉ። ቲቸር ተቀመጡ። ስለ ቤት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ጠየቁኝ። መለስኩ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «አንብቢው» አሉኝ።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀበልኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳየው ባደግሁት ጽሑፋቸው ለውድድሩ አዘጋጆች የተጻፈ ነው። በጤና መታወክ ምክንያት ከቡድኑ ወጥቻለሁ፤ በእኔ ቦታ አምስተኛ የወጣችው ተጫዋች እንድትሄድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ይላል። አምስተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ። ዘጠኝ ዓመት የፈለግሁት ነገር እጄ ላይ ነበር፤ የዓሣ ውሃ አውራ ጣቴ ሥር ወረቀቱን እያበሰበሰው።

«ታመዋል እንዴ ቲቸር?» አልኳቸው።

«አይ፣ ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን።»

«ታዲያ ጤና መታወክ የሚለው?»

«ምክንያት መጻፍ አለበት እኮ ልጄ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን።»

ጫማቸውን አዩ። እኔም እልህ ያዘኝ፤ ከዚያ በፊት ለእሳቸው ተናግሬ በማላውቀው ድምፅ፣ «ተሸንፌ ነበር ብለው ይጻፉ። ተሸንፌ ሳለሁ እጄን ዘረጋሁላት ብለው ይጻፉ» አልኳቸው።

«ሳላስበው ነው» አሉ። «መሸነፌን ሳየው ደነገጥኩ። እጄ ብቻውን ነው የሄደው።»

እኔም እኮ እጄ ብቻውን ሄደ እያልኩ ነበር የከረምኩት። ግን የእኔ እጅ ብቻውን ሲሄድ እኔን ከመኪናው አስወረደኝ። የእሳቸው ብቻውን ሲሄድ እሳቸውን መኪናው ላይ አሳፈራቸው። ይሄ ልዩነት ደሜን አፈላው።

«ያ የባንኩ ልጅ ቢሆን ኖሮ» አልኩ፣ «እዚያ ወንበር ላይ እኔ ሳልሆን እሱ ቢሆን ኖሮ፣ እጅዎን ይዘረጉለት ነበር?»

ቲቸርን በብዙ ነገር ማማት እችላለሁ፤ ሲዋሹ ግን ሰምቼ አላውቅም። ያን ወረቀት መጻፍ እንኳ ምን ያህል እንደከበዳቸው ጽሑፉ ላይ ይታይ ነበር፤ ጤና የምትለዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰርዛ ነው የተጻፈችው። ወደ ሐይቁ ዞሩ።

«አልዘረጋም» አሉ። «እሱ እጄን ትቶ ይቀመጥ ነበር።»

ቢላዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ በዚያች ሰዓት ይዤው መቆም አልፈለግሁም። ለካ ቦርዱን ብቻ አይደለም ያዩት። እኔንም አይተውኛል። ጉልበቴ እንደሚነሳ፣ አንገቴ እንደሚሰበር፣ ሁሉንም አስቀድመው አይተውታል። የረሱት ያንን አንድ ወታደር ብቻ ነው።

«እንግዲያው ይሄንኑ ይጻፉት» አልኳቸው። ዓሣ የምንመዘግብበትን እስክሪብቶ አንስቼ ሰጠኋቸው። «እዚሁ ወረቀት ላይ። ያኔ ሶዶ እሄዳለሁ። ነገውኑ እሄዳለሁ።»

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ፤ አንዲት የቀለም ነጥብ ሠራ፤ ከዚያ አልፎ አልሄደም።

«ሰው ምን ይለኛል ልጄ?» አሉ። «ሽማግሌ ነኝ እኮ። ነገ ማንን ነው የማስታርቀው?»

«እኔን የሚለኝን ያውቃሉ? እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚለኝ። እርስዎም አጨብጭበውልኛል።»

በዚያ ወረቀት ብሄድ የታመሙ ሽማግሌ ቦታቸውን የመረቁላት ልጅ ሆኜ ነው የምሄደው፤ ከተማው ሁሉ እሳቸውን አንድ ጊዜ እንደገና ይመርቃል፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና እነሳና አሜን እላለሁ። ቱታውን ለብሼ እንኳ የዓሣዋ ነኝ። ወረቀቱን ከጉልበታቸው ላይ አንስቼ፣ በነበረበት እጥፋት አራት ቦታ አጠፍኩና መለስኩላቸው። «ይሂዱ ቲቸር» አልኩ። «ቦታው የእርስዎ ነው፤ ተፈርሟል።»

ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሊነሱ ሲሉ ጫማቸው ዝልግልጉ ላይ አንሸራተታቸው። ክንዳቸውን ያዝኩ። ይዤ ደግሞ አልለቀቅኩም፤ እስከ መንገዱ ድረስ ያን ሁሉ ዳገት ደግፌ አወጣኋቸው። ፊሌቶ የጫነው ፒክአፕ ሊነሳ ነበር። አስቆምኩት። ጋቢና የተቀመጠውን ሰው አስወርጄ ከኋላ ከዓሣው ጋር አስቀመጥኩ፣ ቲቸርን ከፊት አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁላቸው፣ ለሾፌሩም ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ይሄን ሁሉ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ቲቸር በመስኮቱ አዩኝ። የሆነ ነገር እንድላቸው የጠበቁ መሰለኝ። ያን ሁሉ ቀን ስፈትለው የከረምኩት ስድብ ነበረኝ፤ በአንቱታም ቢሆን ያዘጋጀሁት፤ ቃል በቃል የማውቀው። አፌን ከፈትኩ።

«ይቅናዎት» አልኳቸው።

«አሜን፤ ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። መኪናው ሄደ።

አፌን በቆረጠው።